አንደኛውን ኮከብ የሰጠናቸው ልጆች

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ጌታሁን እባላለሁ፣ ገርጂ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ሁለተኛዋ ዮዲት ናት፤ አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ተቀጥራ፣ በስልክ የሚነበብ የመዝገበ ዕውቀት አፕ ተጠቃሚዎች የሚልኩትን አስተያየትና ቅሬታ ትቀበል ነበር። ሦስተኛው የዚያ ቢሮ ባለቤት ናትናኤል ነው። አራተኛው ቱሉ የዕድራችን አባል ነው፤ አባቶቹ ዛሬ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካለበት አጠገብ ያርሱ ነበር፣ እሱ ግን ገልባጭ መኪና ይነዳል። አምስተኛዋ ልጄ ማርታ ናት፤ ስልኩን የገዛችልኝም አፑን የጫነችልኝም እሷ ስለሆነች ልዘላት አልችልም።

ነገሩ የሆነው የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረበት ሰሞን ነው። ያኔ ከገርጂ እስከ ወሎ ሰፈር ግንባታ የሌለበት መንገድ አልነበረም። እኛ በርና መስኮት የምንሠራ ሰዎች ምሳ የምንበላበት ጊዜ አጥተን ነበር። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህንን ግን አልረሳሁም። ምክንያቱም ጠላት አስቦበት የማያደርሰውን ጉዳት እኔ እየመረቅሁ አድርሼው ነበር።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጆቼን ለማድረስ ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለራሴ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ሳሙና የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም ነበር። ስለዚህ በልጆቼ ላይ ጥብቅ ነበርኩ። ካርዳቸውን ይዘው ሲመጡ ነጥቡን አላይም፤ በቀጥታ «ስንተኛ ወጣሽ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። በቤታችን ከአንደኛ ሌላ የሚወራ ቁጥር አልነበረም። ልክ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም የሚለውን ልጆቼ ይፍረዱ። ይህን የምናገረው በኋላ የሆነው ነገር እንዲገባችሁ ነው።

ማርታ ሥራ ስትይዝ በመጀመሪያ ደመወዟ ስልክ ገዛችልኝ። እኔ ስልክ የወሬ ዕቃ ነው ብዬ ስቆጣ፣ «አባዬ፣ ወሬ አይደለም፤ መጽሐፍ ነው የጫንኩልህ» አለችኝ። መዝገበ ዕውቀቱን ከፍታ አሳየችኝ። ስለ ብረት ማቅለጥ ይላል፤ ስለ ንብ ይላል፤ ስለ ግድብ፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ጨረቃ ይላል። ሁሉም በአማርኛ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የዚያን ዕለት ለልጄ የሰጠኋት ምርቃት በሠርጓ ቀን ከሰጠኋት ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት አንድ ርዕስ ማንበብ ልማዴ ሆነ። ነገር ግን አፑ ስህተት ነበረበት። ስለ ዝሆን እያነበብኩ ወሬው መሐል ላይ ይቆረጣል። ስለ ብየዳ በሚለው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ብየዳ አይደለም፤ ሰውዬው ቧንቧ ነው የሚያጠብቀው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስልክ ሲደወልልኝ የማነበው ገጽ ይጠፋል። የእኔ ስልክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው የሚደወለው። አንዱ «በሬ የት ደረሰ?» ይላል፤ ሌላው «መስኮቱ ጠበበ» ይላል። ስዘጋው ጨረቃዬ የለችም፤ እንደገና ከመጀመሪያው መፈለግ ነው።

ማርታን ብጠይቃት ታች ላይ «አስተያየት ይስጡ» የሚል ቦታ እንዳለ አሳየችኝ። እኔም መጻፍ ጀመርኩ። እንደ ማመልከቻ ነበር የምጽፈው። ሙሉ ስሜን፣ ሰፈሬን፣ ስልክ ቁጥሬን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ጥፋቱን እናገራለሁ፤ በመጨረሻም ምክር እጨምራለሁ። «ልጆቼ፣ በር ሠርቶ ጠርዙን ሳይሞርድ የሚያስረክብ ሰው የደንበኛውን እጅ ያደማል። ዝሆኑን ጨርሱት» ብዬ የጻፍኩት ትዝ ይለኛል።

በማግሥቱ መልስ መጣ። «አባባ ጌታሁን፣ ጤና ይስጥልን። ዝሆኑን ጨርሰነዋል፤ አሁን ከፍተው ያንብቡ። ስለነገሩን ይባረኩ» ይላል። ከፈትኩት። ዝሆኑ አልቋል። ሥዕሉን ነገርኳቸው፤ ቀየሩት። እኔ መሥሪያ ቤት ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ሰው አቤት ብሎ በማግሥቱ «እሺ» ሲባል አይቼ አላውቅም ነበር። መልሱን የሚጽፉት አሥር የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች መስለውኝ ነበር።

የሚደወልልኝን ነገር ማስተካከል ግን ቆየባቸው። ዮዲት በየጊዜው «እየሠራንበት ነው አባባ፣ ከባድ ሆነብን» እያለች ትጽፍልኛለች። አንድ ቀን ስለ እሳተ ገሞራ እያነበብኩ ደንበኛ ደወለ። አውርቼ ስጨርስ ያቆምኩበት መስመር እዚያው አለ። ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ስልኩ ላይ ጥያቄ መጣ፤ ሥራችንን እንዴት አገኙት የሚል ነገር ነው። ከሥሩ አምስት ባዶ ኮከቦች ተደርድረዋል። አላመነታሁም። የመጀመሪያውን ነካሁት። አንዷ ብቻ ወርቅ መስላ በራች። ደስ አለኝ። ከሥሯም «የእናንተን የመሰለ ሥራ አይቼ አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር።

በዚያው ሰሞን በሰፈራችን አንዲት እናት ዕድሜ ጠግበው አረፉ። ድንኳን ተተከለ፤ እንደ ወጉ እየሄድን እንቀመጥ ጀመር። ልቅሶ ቤት ወንዱ ካርታ ይጫወታል፤ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይጎረጉራል። እኔ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ስልክ መጎርጎራችሁ ካልቀረ የሚረባ ነገር ጎርጉሩ» አልኩና ስለ አፑ ነገርኳቸው።

ቱሉ ካርታውን ሳያስቀምጥ፣ በኦሮምኛው አጠራር «ያ ጌታሁን፣ ልቅሶ ላይ ትምህርት ቤት ልትከፍትብን ነው?» አለኝ። ድንኳኑ ሳቀ።

«ካንተ ካርታ ይሻላል።»

«በል አምጣው። ስለ አህያ ይላል?»

ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አህያ ስንት ዘመን ከሰው ጋር እንደኖረች ሲሰማ ካርታውን አስቀመጠ። ከዚያ የአባቶቹ ቀበሌ ስም ይኖር እንደሆን ፈለገ፤ የለም። ተናደደ። «ጻፍላቸው» አልኩት። ጻፈ። ያን ዕለት ማታ ድንኳኑ ሳይበተን መልስ መጣለት፦ «አባባ፣ እኛ ስለማናውቀው ነው። ታሪኩን ይንገሩን፣ በስምዎ እንጽፈዋለን።» ቱሉ ስልኩን ለድንኳኑ ሁሉ እያዞረ አሳየ። ከዚያ በኋላ ያልጫነ አልነበረም። ወጣቶቹ ለሽማግሌዎቹ ጫኑላቸው። የገልባጭ መኪና ሾፌሮች መጡ፤ እነሱም ጫኑ።

እኔም ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦ «እነዚህ ልጆች ምስጋና ይገባቸዋል። አምስት ኮከብ ታያላችሁ። አንደኛውን ንኩላቸው።»

ወጣቶቹስ አልነገሩህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ሁለቱ ቀና ብለው አዩኝ። ግን ልቅሶ ቤት ነው፤ እኔም እንዲህ በቀላሉ የሚያርሙኝ ሰው አይደለሁም። ኋላ ሲጠየቁ «ጋሽ ጌታሁን የተቀየሟቸው ነገር አለ ብለን ነው» አሉ። ስልሳ የሚሆን ሰው አንደኛውን ኮከብ ነካ። ብዙዎቹም ከሥሩ የምርቃት ቃል ጻፉ።

ከሳምንት በኋላ ሱቄ ቆሜ ሳለ ስልክ ተደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ ጌታሁን ነዎት?» የሴት ልጅ ድምፅ ነው።

«ነኝ።»

«ዮዲት እባላለሁ። አስተያየት ሲልኩ የምመልስልዎት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ? እንዴት ነሽ ልጄ!»

«ደህና ነኝ። አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ምን በድለንዎት ነው?»

አልገባኝም። «የምን በደል?»

«ኮከቡን ነው የምልዎት። እርስዎ ብቻ ቢሆኑ ምንም አልነበረም። በአንድ ቀን ከእርስዎ ሰፈር ያ ሁሉ ሰው…»

«አዎ፣ ያስደረግሁት እኔ ነኝ!» አልኩ በኩራት። «ደስ አላላችሁም?»

«እግዚአብሔር ይይልኝ» ብላ ዘጋችው።

ደሜ ፈላ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው አመስግናችሁ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስመስግናችሁ፣ አንዲት የልጅ ልጅ የምታህል ልጅ እግዜር ይይልኝ ትላችሁ። ሠራተኞቹን ሥራ አስቀጥዬ፣ አድራሻቸውን ከአፑ አይቼ፣ በሥራ ልብሴ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሥርዓት ላስተምራት ነው የሄድኩት።

ቢሯቸው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ስለሌለ አሳንሰሩ ቆሟል። ላብ አጥምቆኝ ገባሁ። አሥር ትልልቅ ሰዎች የጠበቅሁበት ቦታ ላይ አራት ወጣቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዷ ዓይኗ ቀልቷል፤ ዮዲት እሷ ነበረች። ስሜን ስናገር ሁሉም ዞሩ።

የቢሮው ባለቤት ናትናኤል ተነሣ። «እርስዎ ነዎት ጋሽ ጌታሁን?» አለኝ። «በጣም ይቅርታ፣ ግን በቀጥታ ልጠይቅዎት። ማን ከፍሎዎት ነው?»

«ለምኑ ነው የሚከፈለኝ?»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረ። «ይኸው! እኛ እዚህ ሁለት ዓመት ለፍተናል። ሬቲንጋችን፣ የኮከባችን አማካይ፣ በአንድ ቀን ገደል ገባ። እሺ፣ አልወደዱትም እንበል። አሽሙሩ ለምን አስፈለገ? "የእናንተን የመሰለ ሥራ አይቼ አላውቅም"፤ አንድ ኮከብ። "የልፋታችሁን ዋጋ ይስጣችሁ"፤ አንድ ኮከብ። "አገር ሁሉ ይህን ጉዳችሁን ይይላችሁ"፤ አንድ ኮከብ! ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።»

«የመጀመሪያው የእኔ ነው» አልኩ። «ምኑ ነው አሽሙሩ? ከልቤ ነው የጻፍኩት።»

«ከልብዎ ከሆነ ለምን አንድ ኮከብ ሰጡን?»

«ማን አንድ ኮከብ ሰጠ? እኔ አንደኛውን ኮከብ ነው የሰጠሁት! አንደኛ ናችሁ ብዬ!»

ዮዲት አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን እየሳቀች ነው። ሳቋ መሐል ላይ ደግሞ እንባዋ ወረደ። «ወይኔ ጌታዬ! ናቲ፣ አንደኛ ማለታቸው ነው እኮ!»

እኔ አሁንም አልገባኝም። «ታዲያ አምስት የሰጠ ሰው አምስተኛ ወጣችሁ ማለቱ አይደለም?»

«ጋሼ» አለ ናትናኤል፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ፣ «ቦሌ እየኖሩ አምስት ኮከብ ሆቴል ሲባል ሰምተው አያውቁም?»

«ከመስማትም አልፌ የአንዱን የጓሮ በር የሠራሁት እኔ ነኝ! ሆቴሉ ላይ ኮከቦቹ ተሰቅለዋል፤ ይቆጠራሉ። እናንተ ግን ባዶውን ደርድራችሁ አንዱን ንካ አላችሁኝ። ነካሁ።»

ይህን እየተናገርኩ መሸነፌን አወቅሁት። የጄኔራል ትከሻ ላይ ያለው ኮከብ ከሻምበሉ እንደሚበልጥ እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አላሰብኩትም። እኔ ያየሁት የተማሪ ካርድ ነበር።

ናትናኤል ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። ስልክ ከውጭ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት በሚሸጣቸው ስልኮች ላይ አፑን ጭኖ ሊያወጣ ቃል ገብቷል። ለቢሮው የዓመት ቀለብ ማለት ነው። ሰዎቹ ሰኞ ይመጣሉ። የመጀመሪያ የሚያዩት ኮከቡን ነው። ውሉ ከቀረ ደግሞ መቀነስ ያለበት ሰው አለ።

«ማነው እሱ?» አልኩ።

ዮዲት ጠረጴዛዋን ማስተካከል ጀመረች።

«ተጠቃሚዎቹን የያዘችው እሷ ናት» አለ ናትናኤል ቀስ ብሎ። «ያስቀየመቻቸው እሷ መስላኝ ነበር።»

ዮዲት ከሆሳዕና የመጣች ልጅ ናት። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ከእህቷ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። እህቷ ገና ተማሪ ናት። ይህን የነገረችኝ ያን ዕለት አይደለም፤ ያን ዕለት ያለችኝ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ክፉ ነገር ተናግሬዎታለሁ» ብቻ ነው። ሥርዓት ላስተምራት ሄጄ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ኮከብ የሰጠ ሰው መለወጥ ይችላል። ግን ማንም በእሱ ፋንታ ሊለውጥለት አይችልም፤ እያንዳንዱ በገዛ ስልኩ ነው። ስልሳውን ሰው በየቤቱ ማን ያገኘዋል? አንድ መንገድ ብቻ ነበር። እሑድ የዕድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ነው።

ዕድራችን ከሞትና ከመዋጮ ውጪ የሆነ ወሬ በስብሰባ ላይ አይፈቅድም። አንዱ የቤት ሽያጭ፣ ሌላው ምርጫ፣ ሌላው መድኃኒት እያመጣ ስላስቸገረ ነው። የተናገረ ይቀጣል። እጄን አወጣሁ።

«አቶ ጌታሁን፣ የዕድሩ ጉዳይ ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አይደለም።»

«ደንቡን ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። ይቅጡኝና ልናገር።»

ፀሐፊው ስሜን ጻፈ። ተናገርኩ። ባሕርዬን የሚያውቅ ሰው ይመሰክራል፤ እኔ ሌላውን ስገሥጽ እንጂ ራሴ ተሳሳትኩ ስል በዚያ ቦታ ተሰምቼ አላውቅም። ኮከቡ እንዴት እንደሚቆጠር ነገርኳቸው። አንደኛ ያልኳችሁ መጨረሻ ነው አልኩ፤ በዚህ ሳቢያ ከሥራ ሊወጣ የሚችል ሰው አለ አልኩ። አሁን አምስተኛውን ንኩ አልኩ።

ቱሉ ከኋላ ተነሣ። «ትናንት አንደኛ አልከን። ዛሬ አምስተኛ ትለናለህ። በሚመጣው ወር ስንተኛ ልንወጣ ነው?»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። አንዲት ሴትዮ ከፊት ሆነው፣ «ኧረ እሱ ሲከፈለው ነው፤ ጌታሁን በነጻ አይናገርም!» አሉ። ሌላው ደግሞ «ልጁን ሊድርላቸው ነው!» አለ። ዮዲት በሩ አጠገብ ቆማለች። እኔ ጠርቻቸው ከናትናኤል ጋር ነበር የመጣችው፤ ልጅቱ አንገቷን ደፍታለች።

ቱሉ አያት። «ይቺ ማን ናት?»

«መልስ የምትጽፍልን እሷ ናት» አልኩ።

«ስለ ቀበሌያችን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባባ። ታሪኩን እስካሁን አልላኩልንም።»

ቱሉ ከእግሯ እስከ ራሷ ተመለከታት። «እኔ እኮ ጺማም ሽማግሌ መስለሽኝ "ጌታው" እያልኩ ነው የጻፍኩልሽ!»

«እኔም አላረምኩዎትም» አለች ዮዲት።

አሁን የሳቁት በእኔ አልነበረም። ቱሉ ግን ሳቁን ተወና፣ «ልትባረር ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ በማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ቱሉ ወደ ሕዝቡ ዞረ። የእሱ ድምፅ ገልባጭ ላይ የተሠራ ድምፅ ነው። «ስልካችሁን አውጡ!» አለ። «ሙሾ ያወረድን ጊዜ አብረን ነበርን። ይኼንንም አብረን እናንሳው!»

ሊቀመንበሩ እሱንም ሊቀጡት ብዕር አንሥተው ነበር፤ ከዚያ ተዉትና የራሳቸውን ስልክ ከኪሳቸው አወጡ።

አሥር ደቂቃ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ግማሹ ስልክ ሒሳብ የለውም። እኔና ቱሉ ካርድ ገዝተን አደልን። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲከፍት ኔትወርኩ ሞተ። ወደ ሜዳ ወጣን። ዮዲት ከሰው ሰው እየሄደች «ይሄን ይጫኑ እማማ፣ አሁን የመጨረሻዋን» ትላለች። አንዷ እናት ጣታቸው ስቶ ሦስተኛዋ ላይ ቀሩ። «ይበቃታል፤ ከስስት አይደለም፣ ዓይኔ ነው» አሏት። ዮዲት ጣታቸውን በእጇ ይዛ እስከ አምስተኛዋ አደረሰቻቸው። አንድ ወጣት ስልኩ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ተሰርቋል። የእሱን ኮከብ የሚለውጥልን ሌባው ብቻ ነው ተባባልን። ናትናኤል ሁለት ሣጥን ለስላሳ አስመጥቶ አጠጣን።

ሁሉም ተለወጠ ብለን ደስ ብሎን ተለያየን። ሰኞ ጠዋት ዮዲት ደወለች። ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ለውጡ ለሰው ሁሉ እስኪታይ ቀናት ይወስዳል አለችኝ። ሰዎቹ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

ማርታ ያን ዕለት ዕረፍት ነበረች። ነገሩን ሁሉ ስነግራት ሶፋው ላይ ተንከባልላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ተነሥታ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ሂድና ራስህ ንገራቸው» አለችኝ። ኮቴን ቦረሸችልኝ።

ሄድኩ። ከድርጅቱ የመጡት ሁለት ናቸው። ታላቁ ከረባት ያሠረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ናትናኤል ሊያስረዳ ሲጀምር ሰውየው ስልኩን እያየ፣ «ተጠቃሚ ጠልቷችኋል» አለ። እኔ ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ የጠላቸው የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ከልቅሶው ድንኳን ጀምሬ ነገርኩት። ወጣቱ ጓደኛው ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። ታላቁ ግን አልሳቀም። እስክጨርስ ጠበቀ።

«ኮከቡን እንተወው» አለኝ። «ከልቅሶው በኋላስ ያነቡታል? ወይስ አጠፉት?»

«አንዱ ጓደኛዬ ቱሉ መኪናውን ጥግ ሳያስይዝ አቁሞ ሲያነብ ትራፊክ ቀጥቶታል» አልኩት። እውነት ነው፤ ለናትናኤል ብዬ የፈጠርኩት አይደለም። ቅጣቱን ለእኔ አሳይቶኝ «ይሄ ያንተ ነው» ብሎኝ ነበር።

ሰውየው ያኔ ፈገግ አለ። «አንድ ሳምንት እንጠብቃለን» ብሎ ተነሣ።

በሳምንቱ ቁጥሩ ተነሣ፤ ከበፊቱም አለፈ። ውሉ ተፈረመ። እንደ መጀመሪያው ንግግር ግን አልሆነም፤ ሰዎቹ ሲያመነቱ የቆዩበትን ተጠቅመው ዋጋ ቀነሱ። በዚያ ዓመት በቢሮው ደመወዝ የተጨመረለት ሰው የለም። ዮዲት ግን ቀረች። አሁን ከኮከቦቹ በፊት አፑ በአማርኛ «ወደዱት? ወይስ ያስቸገረዎት ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ያስቸገረኝን መጻፍ አላቆምኩም። ምክሬን ግን አሳጥሬአለሁ።

ዛሬ ሳስበው ከእፍረቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የሚመጣብኝ። ልጅቱ ባትደውል ኖሮስ? ውስጧ ቂም ይዛ ብትወጣ፣ እኔ እስክሞት ድረስ አንድ ጥሩ ሥራ ሠርቻለሁ ብዬ እኖር ነበር። ስለዚህ ለወጣቶች የምለው፣ ሰው የበደላችሁ ሲመስላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ቁጣ ቢያመልጣችሁም ጠይቁ። እንደ እኔ ላሉ አባቶች የምለው ደግሞ፣ አንድን ነገር ለሰው ከማስተማራችሁ በፊት የሚያውቅ ልጅ ጠይቁ፤ ጠይቃችሁም መልሱን እንዲነግራችሁ ፊታችሁን ፍቱለት።

ወጪውን የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ልንገራችሁ። የእኔ የዕድር ቅጣት ሃምሳ ብር። እኔና ቱሉ የገዛነው ካርድ አራት መቶ። የናትናኤል ለስላሳ ሦስት መቶ። ዮዲት እሑድ ደርሳ የተመለሰችበት ታክሲ አሥራ ስምንት። ቱሉ የሱቄን በር ይዞ ያስከፈለኝ የትራፊክ ቅጣት መቶ ብር። በውሉ ላይ የቀረውን ናትናኤል አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የተቀረው ግን ለሁላችን በድምሩ ስምንት መቶ ስልሳ ስምንት ብር ነው።